በሐምሌ ጭነት ይዞ ወደ አምባሰል

ለሐይቅና ለአምባሰል የገጠር ሱቆች ዕቃ የምታደርስ ሹፌር ሆይ፣ ክረምቱ ከእጅህ ጥንካሬ ይልቅ ሰዓት አያያዝህን ይፈትናል። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ይታገሣል፤ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ስለዚህ ጠዋት ግባ፤ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይይዝህ አስፋልት ላይ ውጣ። ይህ የማይሆንልህ ቀን ከሆነ ጭነቱ ይደር። ሌላው ምክር ሁሉ ይህን ለማሳካት የሚረዳ ነው።

መንገዱን በአእምሮህ ያዝ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት። ከእርሷ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትወርድ ሐይቅ ከተማን ታገኛለህ፤ ሱሉላን አልፈህ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ትደርሳለህ። ይህ አስፋልት በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ አስመራ የተዘረጋው መሥመር ነው። እርሱን ተከትሎ የሚሄድ ሹፌር ክረምቱን በደህና ሊወጣው ይችላል። ችግሩ ያለው ከአስፋልቱ ስትታጠፍ ነው፦ ከሐይቅ በስተምሥራቅ ወዳሉት ቀበሌዎች፣ ከውጫሌ ደግሞ ወደ ደጋው ቀበሌዎች።

አንድ ነገር ጨምረህ እወቅ። የአምባሰል ከፍታ ውሃ ይከፍላል። በምዕራብ በኩል የወረደው በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ወደ ሚሌ፣ ከሚሌም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ሚሌ ራሱ የሚነሣው ከሱሉላ በስተምዕራብ ካለው ከፍታ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይሄድና ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። አንተ ታች ፀሐይ ላይ ቆመህ ላይኛው ጋራ ላይ የጣለው ዝናብ ከሰዓታት በኋላ እግርህ ሥር ሊደርስ ይችላል። በወንዝ ዳር ስትቆም ያለህበትን ሰማይ ብቻ አትመልከት፤ ራስጌውን ተመልከት።

ሰኔ ሳይገባ

ከባዱንና እርጥበት የማይችለውን ዕቃ በግንቦት አድርስ። ሲሚንቶ፣ ጨውና ስኳር በሐምሌ ከሚጫኑ ይልቅ በግንቦት ተጭነው በባለሱቁ መጋዘን ቢከርሙ ለሁለታችሁም ይሻላል። ባለሱቁ «ገንዘቤ ይታሰራል» ካለህ ከፊሉን በዱቤ ስጠው። በነሐሴ ጭቃ ላይ የሚቃጠለው ነዳጅና የሚሰበረው ባልስትራ ከዱቤው ይበልጣል።

ማዳበሪያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በፈለግኸው ጊዜ አይመጣም። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በሚሌ ከተማና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ይከፋፈላል። ገበሬው ጤፉን በሐምሌ ሊዘራ መሬቱን ደጋግሞ አርሶ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ የጫንክ ቀን ሌላ ጭነት አትደርብ፣ ሌላ ቦታም አትቁም። ዩሪያ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ የ50 ኪሎው ጆንያ ከተቀደደና አንድ ሌሊት ካደረ ይቋጠርና ድንጋይ ይመስላል። የጆንያው አፍ ወደ ላይ እንዲሆን፣ የካሶኒው ወለል ላይ ደግሞ ርብራብ እንጨት እንዲኖር አድርግ።

መኪናው ላይ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ እዚህ አልዘረዝርም፤ መካኒክህ ያውቀዋል። ነገር ግን አራት ነገሮችን በራስህ ዓይን ሳታይ ሰኔን አትጀምር። የጎማው ጥርስ የኋላው ላይ በተለይ ደህና ይሁን። የመስታወት መጥረጊያው ላስቲክ በበጋ ፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ይሆናልና ቀይረው። ፍሬኑ ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ይስተካከል፤ በደረቅ መንገድ ትንሽ የሚጎትት ፍሬን በእርጥብ አስፋልት ላይ ያሽከረክርሃል። የኋላ መብራትህ ይሥራ፤ በጉም ውስጥ ከኋላህ የሚመጣው ሲኖ ትራክ የሚያይህ በእርሱ ብቻ ነው።

ካሶኒው ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀመጥ ዕቃ አለ፦ አካፋ፣ ዶማ፣ ሁለት ታኮ፣ ወፍራም ካቦ፣ ክሪክ፣ ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ሰፊ ሳንቃ። ሳንቃውን ብዙ ሹፌር ይረሳል። በጭቃ ላይ የቆመ ክሪክ መኪናውን ሳያነሣ ራሱ ይሰምጣል። ስኮርታ ሁለት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጉሚስታ የምታገኘው ሐይቅና ውጫሌ እንጂ ደጋው ላይ አይደለም። ለራስህና ለረዳትህ ቦት ጫማ፣ ጋቢ፣ ባትሪ፣ ውሃና የሚያሳድር ቆሎ ወይም ዳቦ ያዝ። ማደር የታቀደ ከሆነ አይከብድም።

ከመነሣትህ በፊት ስልክ

ማታ ላይ ለደንበኛህ ደውለህ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብለህ አትጠይቅ። መልሱ «ደህና ነው፣ አብሽር» ነው። ወሎዬ ሰው እንግዳ አያስፈራራም፤ ዕቃውም እንዲመጣለት ይፈልጋል። አጠያየቅህ እንዲህ ይሁን፦ ዛሬ መኪና አልፏል? ምን ዓይነት መኪና? ጭነት ነበረው ወይስ ባዶውን ነው? በስንት ሰዓት አለፈ? ከእርሱ በኋላ ዘንቧል? «አዎ፣ አንድ ፒካፕ ጠዋት አልፏል» ከተባልክ ለአንተ ለጫንከው አይሱዙ መንገድ አለ ማለት አይደለም። «ትናንት ከሰዓት አንድ አይሱዙ ሙሉ ጭኖ ወጥቶ ተመልሷል፣ ከዚያ ወዲህ አልዘነበም» ከተባልክ ተነሣ።

የምትደውለው ለተቀባዩ ባለሱቅ ብቻ አይሁን። በመንገድህ ላይ ወንዝ ካለ፣ ወንዙ ዳር ቤት ያለው አንድ ሰው ስልክ ይኑርህ። ሻይ ቤት ይሁን፣ ወፍጮ ቤት ይሁን፣ የጤና ኬላ ሠራተኛም ብትሆን። ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው መረጃ ያ ነው፤ ሰውዬውን ሸቀጥ ባታደርስለትም አክብረው፣ ስታልፍ ሰላም በለው፣ ለበዓል ሳሙናም ሆነ ስኳር አድርስለት።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን ትንበያ ተከታተል። ትንበያው አንዲትን ቀበሌ ለይቶ አይነግርህም፤ ነገር ግን ሳምንቱን ለማቀድ ያግዛል። ከባድ ዝናብ ይጠበቃል ከተባለ ሩቆቹን ደንበኞች ወደፊት አምጥተህ ቅርቦቹን አስፋልት ዳር ያሉትን ወደኋላ አቆያቸው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በዘለቀው ግጭት የተነሣም መንገድ ያለ ማስታወቂያ ሊዘጋ ይችላልና፣ በዚያው ስልክ ስለ ጸጥታውም ጠይቅ። ጭቃውን የሚያሸንፍ ሹፌር የተዘጋ መንገድን አያሸንፍም።

አጫጫን

በክረምት ሙሉ አትጫን። 40 ኩንታል የሚይዝ አይሱዙ ከሆነ 25 ወይም 30 ኩንታል ላይ አቁም። ባለንብረቱ ያጉረመርም ይሆናል፤ ቢሆንም በሒሳብ አስረዳው። አንድ ቀን ጭቃ ውስጥ ማደር፣ የሰው ጉልበት ከፍሎ ማራገፍና እንደገና መጫን ያተረፍከውን የ10 ወይም የ15 ኩንታል ኪራይ ይበላል።

መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ ይጫን። ይህ በበጋም የታወቀ ነው፤ በክረምት ግን ለሌላ ምክንያት ይበልጥ ያስፈልጋል። ዝናብ ላይ ቆመህ ዕቃ እያገላበጥክ የምታሳልፈው ግማሽ ሰዓት ወንዙ እስኪሞላ ሊበቃ ይችላል። ከባዱ ከሥርና ወደ ጋቢናው ይሁን። የኋላ ጎማ ላይ ትንሽ ክብደት በጭቃ መሳብን ያግዛል፤ ካሶኒው ጫፍ ላይ የተከመረ ሲሆን ግን የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፣ መሪውም በዳገት ላይ አይታዘዝህም።

ሸራውን ሁለት አድርግ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ዱቄቱንና ስኳሩን ለብቻ የሚሸፍን። ገመዱ በመንገድ ላይ ሊላላ ይችላል፣ ስለዚህ ከሐይቅ ስትወጣ አንድ ጊዜ ቆመህ እንደገና አጥብቀው። ነጭ ጋዝና ጸረ ተባይ መድኃኒት ከዱቄት ጋር በአንድ ካሶኒ አይጓዝ። መኪናው በጉድጓድ ሲወናጨፍ የፈሰሰ ጋዝ ሙሉ ኩንታል ዱቄት ያበላሻል፤ መድኃኒቱ ከሆነ ደግሞ ሰው ይገድላል።

በጾመ ፍልሰታ ጊዜ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ትእዛዙ ይለወጣል፤ ዘይትና ሽሮ ይጨምራል። አራጋፊ የሚሆኑህ ልጆችም ጾመኞች ናቸውና ከሰዓት ድካም አለባቸው። ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ካልደረስክ ባለሱቁ ከመስጊድ እስኪመለስ ትጠብቃለህ፤ ያ ሰዓት ለመመለሻህ የሚያስፈልግህ ሰዓት ነው።

አስፋልቱ ላይ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሣ። ከደሴ ሲወጣ ጉም አለ። በጉም ረጅም መብራት አታብራ፤ ብርሃኑ ጉሙ ላይ ተመልሶ ዓይንህን ይወጋል። አጭሩን አብራ፣ ፍጥነት ቀንስ፣ መስኮቱን ትንሽ ከፍተህ አድምጥ። ጡሩንባ ከዓይን ቀድሞ የሚሰማበት ጊዜ አለ። አራቱንም ፍሬቻ እያበሩ መንዳት ልማድ ሆኗል፤ እኔ አልመክርህም። ከኋላ ያለው ቆመህ ይሁን እየሄድክ መለየት ያቅተዋል፣ መታጠፍህንም ልታሳየው አትችልም። አራቱን የምታበራው ስትቆም ነው።

ቁልቁለቱን በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ማርሽ አውጥቶ ነዳጅ ለመቆጠብ መልቀቅ በበጋም ሞት ነው፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬኑ ብቻውን አይዝልህም። ከረጅም ደረቅ ቀናት በኋላ የጣለው የመጀመሪያ ካፊያ ከከባዱ ዝናብ ይልቅ ያንሸራትታል፤ አቧራውና የፈሰሰው ዘይት ገና አልታጠበም።

በተቆረጠው ገደል ሥር ስታልፍ ግድግዳውን ተመልከት። ትንንሽ ጠጠር እየወረደ ከሆነ፣ ትናንት ያልነበረ ውሃ ከስንጥቅ እየወጣ ከሆነ፣ እዚያ አትቁም፣ ዕቃም አታራግፍ። የደሴ ዙሪያ መሬት ይንሸራተታል፤ ናዳ የሚወርደው ደግሞ ዝናቡ ከቆመ በኋላም ነው።

ተበላሽተህ ከቆምክ ቅጠልና ድንጋይ መደርደር የታወቀ ምልክት ነው። ስትነሣ ግን ድንጋዩን አንሣው። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፦ ማታ በጉም ውስጥ አስፋልት መሐል የቀረ ድንጋይ ሰው ይገድላል፤ ያንን ድንጋይ ትቶ የሄደ ሹፌር ሰው እንደገደለ አያውቅም። ረዳትህን መጀመሪያ የምታስተምረው ይህን ይሁን።

ከአስፋልት ስትወጣ

የገጠሩን ቀበሌ ከዋናው መንገድ ያገናኙት ብዙዎቹ መንገዶች በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም የተከፈቱ ናቸው። ክረምት ከበጋ ያስኬዳሉ ተብለው ነው የተሠሩት፤ ጠጠሩ ባለበት ቦታም ያስኬዳሉ። ጠጠሩ በጎርፍ ከተወሰደ በኋላ የሚቀርህ ግን መሬቱ ራሱ ነው። መሬቱ ቀይ አፈር ከሆነ ያንሸራትታል፤ ዋልካ ከሆነ ይውጣል።

ዋልካን እንዲህ ለየው። ጥቁር ነው፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ሲረጥብ ደግሞ ያብጣል። ቦት ጫማህን ይዞ አይለቅም፤ ጥቂት ስትራመድ እግርህ እንደ ድፎ ዳቦ ይወፍራል። በጎማ ላይም እንዲሁ ያደርጋል፤ ጥርሱን ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል፣ ከዚያ መሽከርከር ብቻ ይቀርሃል። ዋልካ ላይ ትናንት የዘነበ ከሆነ ዛሬ ፀሐይ ብትወጣም ከላይ ደርቆ ከሥሩ ለስልሷል። ረዳትህን አውርደው በቀደመው መኪና ዱካ ላይ ተረከዙን አስመትተህ አስለካው። ተረከዙ ቁርጭምጭሚት ድረስ ከገባ፣ ጭነቱን እዚያው አውርደህ በአህያ ማስገባትን አስብ። በአምባሰል ለዚህ የሚሆን አህያና በቅሎ አይጠፋም፤ ባለሱቁም ቀድሞ ከሰማ ያዘጋጃል።

መግባት ከተቻለ ከመግባትህ በፊት ማርሽህን ምረጥ፤ ሁለተኛ ብዙ ጊዜ ይበቃል። መሐል ገብተህ ማርሽ አትቀይር፣ ፍሪሲዮን አትርገጥ፣ ፍሬን አትያዝ። እኩል በሆነ ፍጥነት፣ ከመንገዱ ጀርባ ማለትም ከመሐሉ ከፍታ ሳትወርድ ሂድ። ዳሩ ደህና ይመስላል፤ ሣር አለበት፣ ጎማ አልረገጠውም። ነገር ግን ከሣሩ ሥር ቦይ አለ፣ ቦዩ የጠጣው አፈርም አይሸከምህም። ጭቃው ሲያስቸግርህ ከጎማው ነፋስ ጥቂት መቀነስ ጎማውን ያሰፋዋል፣ ይይዝልሃል። ይህ የሚሠራው በዝግታ ስትሄድና ጭነትህ ቀላል ሲሆን ነው፤ አስፋልት ከመድረስህ በፊት የሚሞላበት ቦታ ከሌለህ አታድርገው።

በየእረፍቱ የኋላውን ጣምራ ጎማ መሐል ተመልከት። እዚያ የሚሰነቀር ድንጋይ አለ፤ የእጅ ጭብጥ የሚያህል ይሆናል፣ በጭቃ ስለሚሸፈን አይታይም። ሁለቱንም ጎማ ከጎን እየቀረጠፈ ይሄዳል፣ ወይም አስፋልት ላይ ስትፈጥን ተወርውሮ ከኋላህ ያለውን መኪና መስታወት ይሰብራል። በክሪኩ ዘንግ አስለቅቀው።

መኪናው ከተያዘ

ነዳጅ አትስጥ። ጎማው ሁለት ጊዜ በከንቱ ከዞረ ያንኑ ጊዜ አቁም፤ ከዚያ በኋላ የምታደርገው ጉድጓድ መቆፈር ነው፤ ዲፈረንሻሉ መሬት ከነካ ደግሞ ሥራው በአሥር እጥፍ ይጨምራል። ውረድና የቱ ጎማ እንደሰመጠ እይ። ከፊቱና ከኋላው ያለውን ጭቃ በአካፋ ክፈት፣ ውሃው የሚወጣበት ትንሽ ቦይ አድርግለት። ከዚያ ሳንቃውን አንጥፈህ በክሪክ አንሣው፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ ጣል፣ በላዩ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በርዝመቱ አድርግ። ጆንያ ብቻ ከጣልክ ጎማው ይጎትተውና ወደ ኋላ ይተፋዋል።

ድንጋዩን ከየት ታመጣለህ? ከመንገዱ ዳርና ከወንዝ። ከእርከን ድንጋይ አታንሣ። በዚህ አገር ገበሬው ለዓመታት በጉልበቱ የደረደረው እርከን ነው መሬቱን የያዘለት፤ አንድ ድንጋይ ባነሣህበት ጎርፉ ይገባል። በአጠገቡ በተዘራው የጤፍ እርሻ ዞረህ ለማለፍም አትሞክር። ማሳው ለስላሳ ስለሆነ አያስወጣህም፤ ቢያስወጣህም የሰውን ዓመት እህል ረግጠህ ነው።

ሌላ መኪና በካቦ የሚስብህ ከሆነ ሰው ሁሉ ከካቦው ርዝመት በላይ ይራቅ። በካቦው መሐል ላይ እርጥብ ጆንያ ጣል፤ ቢበጠስ ጉልበቱን ይቀንሰዋል። ልጆች ለመመልከት ይሰበሰባሉ፤ እስኪርቁ ድረስ አታስጀምር፣ ሹፌሩ ቢቸኩልም።

ገፍተው የሚያወጡህ ሰዎች ካሉ ዋጋውን አስቀድመህ ተነጋገር። ጭቃ ውስጥ ከገቡ በኋላ መከራከር ሁለታችሁንም ያሳፍራል። ክፍያ አንቀበልም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ያን ጊዜ ለቡና የሚሆን ስኳር ስጥ፣ ስማቸውንም ያዝ። በየሳምንቱ የምታልፈው በእነርሱ መንደር ነው።

ወንዝ

ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ ጭቃ ያሳድርሃል፣ ወንዝ ይወስድሃል። የሚሄድ ውሃ ጉልበቱ በዓይን አይገመትም። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ የቆመ ሰው ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትሩ ትናንሽ መኪኖችን ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትሩ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። የጫነ አይሱዙ ከባድ ነው ብለህ አትመን፤ ውሃው ካሶኒው ሥር ሲገባ ያነሣዋል፣ ጎማው መሬቱን መንከስ ያቆማል።

ወንዙ ዳር ስትደርስ መኪናውን ከፍ ካለ ቦታ አቁም፤ አሸዋው ላይ አትውረድ። ውረድና ሦስት ነገር ተመልከት። አንደኛ ቀለሙ። ወለሉ የሚታይበት ንጹሕ ውሃ ጠዋት የምታገኘው ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ቡናማ ሆኖ ገለባና ቅርንጫፍ የያዘ ከሆነ ላይ ዘንቧል፣ ገና ይመጣል። ሁለተኛ ድምፁ። ከውሃው ሥር ድንጋይ ሲንከባለል የሚሰማ ጉርጉርታ ካለ ነገሩ አለቀ፤ ድንጋይ የሚያንከባልል ውሃ ጎማህንም ያንከባልላል። ሦስተኛው እየሞላ ነው ወይስ እየጎደለ የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ከውሃው ጠርዝ ላይ አንድ ድንጋይ አኑር፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልከት። ውሃው ድንጋዩን ከሸፈነው እየሞላ ነው፣ ተመለስ። ድንጋዩ ደርቆ ውሃው ከራቀ እየጎደለ ነው፣ መጠበቅ ያዋጣል። ጠዋት የመግባትህ ጥቅሙ እዚህ ነው፤ ሁለት ሰዓት ብትጠብቅ እንኳ ገና ቀኑ አለልህ።

ከጎደለና የሚያሻግር ከመሰለህ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ጠይቅ፤ ጎርፍ ትናንት ያለፈበትን ጉድጓድ ዛሬ ያዛውራል። ውሃው ከጉልበት በታችና ዝግ ያለ አካሄድ ያለው ከሆነ ረዳትህ በዱላ እየለካ ይሻገር። ከጉልበት በላይ ከሆነ ሰው አታስገባ፤ ሰው የማይሻገረውን መኪናም አታስገባ። ዕቃው የሰው ነው፣ ይካሳል፤ የረዳትህ እናት ግን ልጇን የምትጠይቀው ከአንተ ነው።

የሲሚንቶ መሻገሪያ ባለበት ቦታ በታችኛው ጠርዝ በኩል ውሃው እየዘለለ የቆፈረው ገደል አለ። ከላይኛው ጠርዝ ጠጋ ብለህ ሂድ። በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳታፈጥን፣ ሳትቆም፣ ዓይንህን ውሃው ላይ ሳይሆን ማዶ ባለው መውጫ ላይ ተክለህ። የሚሮጠውን ውሃ ካየህ ዓይንህ ያታልልሃል፤ መሪውን ሳታውቀው ከውሃው ጋር ትሰጣለህ። መስኮቱ ክፍት ይሁን። መሐል ላይ ሞተሩ ከጠፋ አታስነሣው፤ ውሃ በፊልትሮው ገብቶ ከሆነ ስታስነሣው ሞተሩን ይሰብረዋል። ውጡና ሕይወታችሁን አትርፉ፤ መኪናው በካቦ ይወጣል።

ማዶ ስትደርስ ጥቂት በዝግታ ሄደህ ፍሬኑን ቀለል አድርገህ ደጋግመህ ያዘው። የረጠበ ፍሬን አይዝም፤ ሙቀቱ ያደርቀዋል። ይህን ሳያደርግ ቁልቁለት የጀመረ ሹፌር ፍሬን እንደሌለው የሚያውቀው ሲፈልገው ነው።

የሚከብደው ውሳኔ ግን ሲመለሱ ነው። ዕቃውን አድርሰሃል፣ ባዶ ነህ፣ ቤትህ ቅርብ ነው፣ ከፊትህ ደግሞ የሞላ ወንዝ አለ። ባዶ መኪና ከጫነው ይልቅ ቀላል ስለሆነ በቀላሉ ይነሣል። እዚያው እደር። ደራሽ ጎርፍ በፍጥነት እንደሚመጣ ሁሉ በፍጥነት ይጎድላል፤ ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ጎድሎ ጠዋት ታልፈዋለህ። ጋቢውንና ቆሎውን የያዝከው ለዚህ ነው።

መንገድ ላይ የምታገኘው ሰው

በክረምት የሕዝብ መኪና የማይገባበት መንገድ ብዙ ስለሆነ ጭነት ላይ ልሳፈር የሚልህ አይጠፋም። ጭነት ላይ ሰው አታሳፍር። በእርጥብ ሸራ ላይ የሚይዘው የለም፤ መኪናው በጉድጓድ ሲወዛወዝ ተንሸራቶ ይወድቃል። ሕጉም ይከለክላል። እምቢ ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በተለይ ሽማግሌ ሲሆኑ። «አባባ፣ ይቅርታዎን፣ ከላይ ማንንም አልጭንም፤ መልእክት ካለዎት ላድርስልዎ» በል። ታማሚ ወይም ወላድ ከሆነች ግን ረዳትህ ወርዶ እርሷ ጋቢና ትግባ፤ ጤና ጣቢያ ሳታደርስ አትቁም።

ዕቃ ስታወርድ ቡና ይፈላልሃል። በወሎ ቡናን ረግጦ መሄድ ነውር ነው፤ ሦስቱንም ጠጥቶ መነሣት ደግሞ ሰዓትህን ይወስዳል። አቦሉን ጠጣ፣ ሰማዩን አሳያቸው፣ «በረካውን በሚቀጥለው ሳምንት» በልና ተነሣ። ይረዱሃል፤ እነርሱም ወንዙን ያውቁታል።

መስከረም ሲገባ

ፀሐይ ወጣች ብለህ አትቸኩል። በመስከረም የሚጎዳው መንገዱ ከሥሩ ነው። ጎርፉ የቱቦውን ጎን በልቶት ከላይ ጠጠሩ እንዳለ ሊሆን ይችላል፤ ሙሉ ጭነህ የገባህ ቀን ይደረመሳል። የመጀመሪያውን ጉዞ በግማሽ ጭነት አድርግ። ቱቦ ባለበት ቦታ ሁሉ ውረድና ከታች በኩል አጎንብሰህ እይ፤ አፈሩ ተሸርሽሮ ቱቦው ባዶውን ተንጠልጥሎ ከሆነ በላዩ አትለፍ።

መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ነው። ግሸን ያለችው በአምባሰል ወረዳ ነው፤ ምእመናኑ ግን በብዛት ከደሴ በኩታበር በኩል ነው የሚወጡት። ከበዓሉ በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት ያ መንገድ በአውቶቡስና በእግረኛ ይሞላል። በዚያ በኩል ደንበኛ ካለህ ዕቃውን ከመስከረም 17 በፊት አድርስ፣ ወይም እስከ 24 አቆየው።

የተበላውን ቱቦ፣ የወረደውን ናዳ፣ የፈረሰውን መሻገሪያ ለወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ተናገር። «መንገዱ ተበላሽቷል» ብቻ ብትል የሚመዘገብ ነገር የለም። ከየትኛው ቀበሌ ወደ የትኛው፣ ከየትኛው ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ቱቦ ይሁን ድልድይ፣ በየትኛው ጎን እንደተበላ ጻፍ፤ በስልክህ ፎቶ አንሣና የተነሣበትን ቀን ጨምረህ ስጣቸው። ግሬደር የሚላከው በጋ ላይ ነው፤ ዝርዝሩ ግን ቀድሞ ስለሚያስፈልግ በመስከረም ንገራቸው።